ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልና የመጻሕፍት ምርመራ

ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40፤ 10፥34-43



ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው የግምጃ ቤት ሹም ሳለ የሚመራው ሰው ካላገኘ ሊያስተውል እንደማይችል ሳያፍር መለሰ። ዲማ ጊዮርጊስን ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፤ ትርጓሜው ከመምህር እግር ሥር ይሰማል፤ መምህሩም «አንድም» እያለ አንዱን ቃል በብዙ ወገን ይፈታዋል።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የዚህ ትምህርት ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1791 በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነበር፤ በቀረው ግን ብዙ ብራና አነበቡ። በመርጡለ ማርያም ከመነኰሱ በኋላ የምንኵስና ሕይወት ስለ ምን እንደ ደከመ ለማወቅ ፈልገው ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ፤ እስከ ጎንደርም ደረሱ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን የከፋፈለው ክርክር ከአንድ ጥቅስ ጋር የተያያዘ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲሰብክ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል (ሐዋ. 10፥38)። ይህ መቀባት በክርስቶስ ሰውነት ምን ፈጸመ? በጎጃም የጸናው የቅባት ወገን፣ የተዋሕዶ ወገንና የጸጋ ወገን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልስ ሰጡ። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በንጉሥ ፊት እስኪቈረጥ ድረስ ብዙዎችን አስጨንቋል። አባ ገብረ ሚካኤል የአገራቸውን መልስ ብቻ ይዘው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላከው መልእክት ጋር ተጓዙ፤ መሪያቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) ነበሩ። ሮምንና ኢየሩሳሌምንም አዩ። ሆኖም ወዲያው አልወሰኑም። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1844 ነው፤ ቅስና የተቀበሉትም በ1851፣ ስልሳ ዓመት ሲሆናቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ብዙ ሊቅ መማሩን ትቶ ማስተማር ብቻ ይወድዳል። እርሳቸው ግን ያስተምሩም ይማሩም ነበር፤ ለአቡነ ያዕቆብም ትምህርተ ክርስቶስን በአገር ቋንቋ ለማዘጋጀት ረዳት ሆኑ።

በኋላ በጎንደር ታሰሩ፤ ተሠቃዩ። እ.ኤ.አ. በ1855 የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ወደ እስራት ከተለወጠላቸው በኋላ በሰንሰለት ታስረው የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት እንዲከተሉ ተደረገ። በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ይህን ታሪክ በኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ላይ እንደ ዱላ የሚያነሣ መምህር ብፁዕነታቸውን አላወቃቸውም። ፊደልን፣ ግእዝን፣ የመጻሕፍትንም ፍቅር ያገኙት ከእነዚያው ገዳማት ነው። ያን ጊዜ ሰው ያሳሰረው ነገር ደግሞ ዛሬ ሌላ መልክ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሽኖዳ 3ኛ ክርስቶስ ፍጹም አምላክና ፍጹም ሰው መሆኑን በአንድ ቃል መሰከሩ።

ከመምህራን መካከል ሕፃን ጥያቄ ሲያበዛ እንደ ድፍረት የሚቈጥሩ አሉ። «ዝም ብለህ እመን» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልጁ ጥያቄውን ይዞት ይሄዳል፤ መልሱንም ከማናውቀው ቦታ ይፈልጋል። ፊልጶስ ጃንደረባውን አልገሠጸውም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ፤ የጀመረውም ጃንደረባው ያነብበው ከነበረው ክፍል ነው።

በሚቀጥለው ጉባኤ ሐዋ. 10፥34-43 በአንድነት ይነበብ። መምህሩ ከመተርጐሙ በፊት አንባቢዎቹ ያልገባቸውን ይናገሩ፤ ሽማግሌዎችም ከልጆች ጋር ይጠይቁ። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ በጽሑፍ ተይዞ ለቆሞሱ ይቅረብ።