እንሰትና ውርጭ

በጂቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ በተባለው ሰፈር ውርጭ አይታወቅም። የጉራጌ አገር ከጂቡቲ ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረበ ቢሆንም፣ በደጋው በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቶች ውርጭ ይጥላል። ምክንያቱ የምድሩ ከፍታ ነው።

እንሰት የሙዝ ዘመድ ሆኖ ሳለ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3000 ሜትር ድረስ ይበቅላል። ይሁን እንጂ ውርጭ ሲመታው ቅጠሉ ይጠቁራል። ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል በመሆኑ ጉዳቱ ለቤተሰቡ ቀላል አይደለም።

ሰማይ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ታጣለች፤ ቀዝቃዛውም አየር ስለሚከብድ ወደ ረባዳ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ እንሰት ከረባዳው ይልቅ በተዳፋት ላይ ቢተከል ይመረጣል። በጓሮ መተከሉም ፍግ ለማቅረብ ከመመቸቱ በላይ ቤቱና አጥሩ ከብርድ ይከልሉታል። ቅጠሉ ቢቃጠል እንኳ የመሐል ቡቃያው ካልሞተ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ ተቻኩሎ መንቀል አይገባም።

በ1853 እ.ኤ.አ. የእንሰት ዘር ከምጽዋ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ኪው ወደተባለው የዕፅዋት ሥፍራ ተልኳል። ዛሬ በአውሮፓ እንሰት ለጌጥ ይተከላል። በሙቀቱ ወራት በደጅ ያድጋል፤ ብርዱ ሲቃረብ ግን ቅጠሉ ተቆርጦ፣ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ውርጭ በማይደርስበት ደረቅ ቤት ይከርማል።

እንግዲህ ተክልን ከትውልድ ቦታው ውጭ የሚያኖረው የአልሚው ጥንቃቄ ነው።

መልመጃ

1. ረባዳ ቦታ ለእንሰት የማይስማማው ለምንድን ነው?
2. «ተዳፋት»፣ «ያቆጠቁጣል»፣ «ይከርማል» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።