ከሦስቱ የሐዘን ቀናት በኋላ፦ ከጃዕፈር ቤት የምንማረው

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም ራሳቸው የቲም ሆነው ባደጉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ትምህርታችን አባቱን ያጣ ቤት ተስፋው በምን እንደሚጠገን፣ የዝምድና ገመዱስ በማን እጅ እንደሚጠብቅ የሚመለከት ነው። ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ከማስተምራቸው ልጆች የአንዱ አባት በድንገት ወደ አኺራ ሄደ። ጀናዛውን ሸኝተን ለተዕዚያ ተቀመጥን። ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁላችንም ለባለቤቱ «አይዞሽ፣ አላህ አለ፣ እኛም አለን» አልናት። በሦስተኛው ቀን ዱዓ ተደርጎ ድንኳኑ ተነቀለ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ልጁ ጥቂት ሳምንታት ሲማር ቆይቶ ቀረ። ታሞ ወይም ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከወራት በኋላ በሰፈራቸው ሳልፍ በቤቱ ሌላ ተከራይ ገብቶበት አገኘሁ። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ እናትየው ለሦስቱ ቀን ድግስ የተበደረችውን ለመክፈል የባሏን የስፌት መኪና ሸጣለች። ተማሪዬን አጎቱ ወደ ገጠር ወስዶታል፤ እህቱ ከአንዲት ዘመድ ቤት ለሥራ ገብታለች፤ ትንሹ ከእናቱ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። «እኛም አለን» ካልነው ሰዎች መካከል በአራተኛው ቀን ያንን በር ያንኳኳ አልነበረም። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ይህ ነገር ልቤን ሲከነክነኝ ቆይቶ፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ በማነብበት ጊዜ ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ አቆመኝ። ቤቱ የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቤት ነው።

በሐበሻ ምድር የተወለዱ ልጆች

ጃዕፈር (ረ.ዐ) ለአገራችን ሙስሊሞች እንግዳ ስም አይደለም። ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች መካከል በንጉሥ ነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ እስልምና ያስረዳው እርሱ ነው። ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስም (ረ.ዐ) አብራው ተሰድዳለች። ልጆቻቸው ዐብዱላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተወለዱት በዚሁ በሐበሻ ምድር መሆኑን የሲራ ሊቃውንት ይዘግባሉ። ቤተሰቡ ብዙ ዓመታት በስደት ከኖረ በኋላ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.)፣ ኸይበር በተከፈተችበት ወቅት፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተመለሰ። ነቢዩም በጃዕፈር መምጣት እጅግ ተደሰቱ።

ይህ ደስታ ግን ብዙ አልቆየም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629 እ.ኤ.አ.)፣ ጃዕፈር ዛሬ ዮርዳኖስ በሚባለው አገር በምትገኘው ሙእታ ሸሂድ ሆነ። አስማእም ገና ከስደት ኑሮ ተላቃ ቤቷን በማደራጀት ላይ ሳለች፣ ትንንሽ ልጆች ታቅፋ ባልቴት ሆነች።

የመጀመሪያው ቀን

አስማእ (ረ.ዐ) የዚያን ቀን ሁኔታ ራሷ ተርካዋለች። ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ጨርሳ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቤቷ ገቡና የጃዕፈርን ልጆች እንድታመጣላቸው ጠየቋት። ልጆቹን አቅርበው አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አፈሰሱ። አስማእ የደረሰ ነገር እንዳለ ገባት፤ ስለ ጃዕፈር የሰሙት ወሬ እንዳለ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም መሞቱን ነገሯት። ጮኸች፤ ሴቶችም ተሰበሰቡ። ነቢዩ ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው፣ የጃዕፈር ቤተሰብ ሐዘን ስለያዘው ምግብ እንዲሠራለት አዘዙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። በዚያን ቀን የምግብ ጉዞ ከጎረቤትና ከዘመድ ቤት ወደ ሐዘንተኛው ቤት ነበር። በእኛ ዘንድ ግን በብዙ ሥፍራ ነገሩ ተገልብጧል፤ ሐዘንተኛዋ ራሷ ደጋሽ ሆናለች። ከዚህም የከበደ ነገር አለ። ሟች ትቶት የሄደው ገንዘብ ውስጥ አቅመ አዳም ያልደረሱ የቲሞች ድርሻ አለበት። ያንን ድርሻ ለእንግዳ ማብላት እንደማይፈቀድ ዑለማዎች አስጠንቅቀዋል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ የየቲሞችን ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ ገልጿል። ለተዕዚያ ሄደን የቆረስነው እንጀራ ከማን ድርሻ እንደወጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

አራተኛው ቀን

የቀረውን የነገረን ልጁ ዐብዱላህ ኢብኑ ጃዕፈር (ረ.ዐ) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰቡን ለሦስት ቀን በሐዘኑ ተዉት። ከዚያም ተመልሰው መጡ። ከዚያ ቀን በኋላ በወንድማቸው ላይ እንዳያለቅሱ ተናገሩ። ይህ ናፍቆትን መከልከል አይደለም፤ ባሏ የሞተባት ሴትም ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ይሁን እንጂ ለቤቱ ሰዎች ሕይወት እንደሚቀጥል የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር።

ቀጥለው የወንድማቸውን ልጆች አስጠሩ። ዐብዱላህ ወደ ነቢዩ ሲቀርቡ እንደ ጫጩቶች እንደነበሩ ያስታውሳል። ነቢዩ ፀጉር ላጭ አስጠርተው ራሳቸውን አስላጯቸው። ከዚያም ልጆቹን እያዩ መልካቸውን ተናገሩ፤ ሙሐመድ አጎታቸውን አቡ ጧሊብን እንደሚመስል፣ ዐብዱላህ ደግሞ በመልክም በጠባይም እርሳቸውን እንደሚመስል ገለጹ። የዐብዱላህን እጅ ይዘው ለጃዕፈር ቤተሰብና ለዐብዱላህ ንግድ በረከት ዱዓ አደረጉ። በዚህ ጊዜ እናትየው መጥታ የልጆቿን የቲምነት አነሳች። ነቢዩም በዱንያም በአኺራም አሳዳጊያቸው እርሳቸው ሆነው ሳለ ስለ ድህነታቸው ልትሰጋ እንደማይገባ ነገሯት።

ውድ አንባቢያን! በዚህ አጭር ጉብኝት ውስጥ አራት ነገሮች ተፈጽመዋል። ሐዘን ያጎሳቆለው የልጆቹ ገላ ተስተካከለ። የማን ወገን እንደሆኑ ተነገራቸው። ገና ሕፃን ለሆነው ልጅ ስለ ነገ ንግዱ ዱዓ ተደረገለት። እናትም ፍርሃቷን ተናገረች፤ መልስም አገኘች። የአስማእ ቤት ተስፋ የታደሰው አንድ ዘመድ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ በመምጣቱ ነው።

ገመዱ ከየት ተነሣ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጁን አቡ ጧሊብን ይመስላል ማለታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አባታቸው ዐብዱላህ የሞቱት እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ነው። በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን አሚናን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን ዐብዱል ሙጦሊብን አጡ። ከዚያ በኋላ ተቀብሎ ያሳደጋቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ነበር። አቡ ጧሊብ ሀብታም አልነበረም፤ ልጆችም ነበሩት።

ዓመታት አለፉ። በቁረይሽ ላይ ከባድ የችግር ዘመን ሲመጣ አቡ ጧሊብ ቤተሰቡን መቀለብ ተሳነው። ያኔ ነቢዩ አጎታቸውን ዐባስን አማክረው ሸክሙን ተካፈሉለት፤ ዐሊይን እርሳቸው ሲወስዱ ጃዕፈርን ዐባስ ወሰደ። ስለዚህ ጃዕፈር ራሱ በክፉ ቀን በአጎቱ ቤት ያደገ ልጅ ነው። እነሆ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የጃዕፈር ልጆች የቲም ሲሆኑ፣ አቡ ጧሊብ ያሳደገው የቲም የአቡ ጧሊብን የልጅ ልጆች ተረከበ።

ለየቲም የተዘረጋ እጅ ምንዳው በአኺራ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ዞሮ የራስን የልጅ ልጅ ይደግፋል። አስማእም ከዒዳዋ በኋላ አቡበክርን፣ እርሱ ከሞተ በኋላም የጃዕፈርን ወንድም ዐሊይን (ረ.ዐ) አገባች። ዐብዱላህ ደግሞ፣ ነቢዩ ከጉዞ ሲመለሱ ሊቀበላቸው ወጥቶ ከፊታቸው እንዳስቀመጡት ይተርክ ነበር። ካደገ በኋላ በልግስናው የታወቀ ሰው ሆነ፤ ሰዎችም የችሮታ ባሕር ብለው ጠሩት። የተቀበለውን ሰጠ።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት የአራተኛውን ቀን ሥራ እንከፋፈል። የቤት ኪራዩን ማን ይከታተላል? ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚጠይቅ ማን ነው? ዕዳውን ከባለ ዕዳዎቹ ጋር የሚነጋገርስ? ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ሰው ይሰየም። «ሁላችንም አለን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ማንም እንደሌለ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፦ ሟች የተወው ንብረት በምስክሮች ፊት ይጻፍ። የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ኑዛዜው በሸሪዓ ሥርዓት ከተፈጸሙ በኋላ የየልጁ ድርሻ ይታወቅ። ቁርአን የየቲሞች ገንዘብ ሲመለስላቸው ምስክር እንዲቆም ያዘዘው አጎትና የወንድም ልጅ በጥርጣሬ እንዳይለያዩም ጭምር ነው። ያልተጻፈ ነገር ዝምድናን ያፈርሳል።

ሦስተኛ፦ ወንድምና እህት አይነጣጠሉ። ግድ ሆኖ ቢለያዩ እንኳ በዒድና በትምህርት ዕረፍት የሚገናኙበት መንገድ ይበጅ። የየቲምን ገንዘብ የሚያስጠነቅቀው አንቀጽ በወረደ ጊዜ ሶሐቦች ፈርተው የየቲሙን ምግብ ከራሳቸው ለይተው ያስቀምጡ ነበር፤ የተረፈውም እስኪበላሽ ይቆይ ነበር። ከዚያም በሱረቱል በቀራህ አላህ (ሱ.ወ) የቲሞቹ ወንድሞቻቸው ስለሆኑ ከእነርሱ ጋር ቢቀላቀሉ እንደሚፈቀድ፣ አጥፊውንም ከአስተካካዩ ለይቶ እንደሚያውቅ ገለጸ። የቲም ለብቻው በተቀመጠለት ሳህን አያድግም፤ ከአንድ ገበታ መቁረስ ይፈልጋል።

አራተኛ፦ እናትን እናክብር። ነቢዩ የአስማእን ስጋት አዳመጡ እንጂ እርሷን አልፈው በልጆቿ ላይ አልወሰኑም። ረዳቶች ሆይ! የምትልኩት ገንዘብ በልጆቿ ፊት እንዲያስከብራት እንጂ እንዲያሳንሳት አታድርጉ። ልጅን በሰው ፊት አቁሞ ከስጦታው ጋር ፎቶ ማንሳት ስጦታውን ያመርራል።

አምስተኛ፦ ለየቲሙ ስለ አባቱ እንንገረው። በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ታዝዟል። ማሳደግ ማለት የአባትን ስም መውሰድ አይደለም። ልጁ በሳቁ ወይም በአረማመዱ አባቱን እንደሚመስል ከአጎቱ ወይም ከጎረቤቱ ሲሰማ፣ የአባቱን ሀብት ከፊሉን ተረከበ ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ የተኳረፉ ዘመዶች ይታረቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን የሚቀጥል ማለት ሲበጥሱበት የሚቀጥል እንጂ ብድር የሚመልስ ብቻ እንዳልሆነ አስተምረዋል። ነቢዩ የዕቁብም (ዐ.ሰ) በአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ አዝዘው ዩሱፍንና ወንድሙን ፍለጋ የላኩት ሌሎችን ሳይሆን፣ ሐዘኑን ያመጡባቸውን እነዚያኑ ልጆች ነው። ተስፋቸው የበደሉትን ወንድማማቾች ለፍለጋ አስነሣ፤ በመጨረሻም ቤተሰቡን አገናኘ።

ማጠቃለያ

ይህን የጃዕፈርን ቤት ታሪክ ካነበብኩ በኋላ የዚያን ተማሪዬን አድራሻ ጠይቄ በዕረፍት ጊዜ ወደ ገጠር ሄድኩ። ክፉ የመሰለኝ አጎቱ የራሱን ስድስት ልጆች ይዞ ብቻውን የቀረ ደግ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ሳለ አባቱ ትዝ አለኝ። «አባትህ መጀመሪያ ወደ እኔ ያመጣህ ቀን ዝናብ ነበር። አንተ እንዳትፈራ ትምህርቱ እስኪያልቅ ከደጅ ቆሞ ጠበቀህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ነግሮኝ አያውቅም» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ አባቱ ብዙ ጠየቀኝ።

አጎቱና እናቱ ተነጋግረው ልጆቹ በዒድ መገናኘት ጀመሩ፤ እህቱም በረዳቶች ድጋፍ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልም፤ የተሸጠው መኪና አልተመለሰም፤ ቤቱም እንደ ድሮው አንድ አልሆነም። ነገር ግን ገመዱ ጨርሶ አልተበጠሰም። በአራተኛው ቀን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተፈታ ነበር።

እንግዲህ በሰፈራችሁ በቅርቡ የተነቀለ ድንኳን ካለ ዛሬውኑ ሂዱና በሩን አንኳኩ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ዱሓ ነቢዩን የቲም ሆነው እንዳስጠጋቸው አስታውሶ፣ የቲምን እንዳይጨቁኑ አዝዟቸዋል። የተጠጋ ሰው ማስጠጋትን ያውቃል።

አላህ የቲሞቻችንን በወገኖቻቸው መካከል ያሳድግልን፤ የባልቴቶቻችንን ልብ ያጽናልን፤ የተበጠሰውን ዝምድናችንን ይቀጥልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።