ዓድ ሃሎም፦ በክፍል በክፍሉ የመጣው አውሮፕላን

በባቡር የምትመላለሱ ሁሉ የጣቢያውን ስም ታነባላችሁ፤ አሽዶድ ዓድ ሃሎም ይላል። ዓድ ሃሎም ማለት «እስከዚህ ድረስ» ማለት ነው። ማን ነው እስከዚህ የደረሰው? ይህንን ዛሬ በእጃችን እየሠራን እንማራለን። የምንሠራው ዴጌም ነው፤ ይኸውም የአንድን ነገር መልክ አሳንሶ መሥራት ነው።

በ1948 (እ.ኤ.አ.) በሜይ 29 የግብጽ ጦር በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሰሜን ሲመጣ ከላኺሽ ወንዝ ድልድይ ደረሰ። ላኺሽ ያው በወደባችን አጠገብ ባሕር የሚገባው ወንዝ ነው። ድልድዩን የጊቫቲ ወታደሮች ቀደም ብለው አፍርሰውት ስለነበር ጦሩ ቆመ። ወደ ማታ ላይ አራት አውሮፕላኖች መጡበት። አብራሪዎቹ ሉ ሌናርት፣ ሞዲ አሎን፣ በ1993 ፕሬዚዳንት የሆኑት ዔዘር ዋይዝማን እና ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኤዲ ኮኸን ነበሩ። እያንዳንዱ አውሮፕላን 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ቦምቦች ይዞ ነበር። ያደረሱት ጉዳት ብዙ አይባልም፤ ግን ግብጾቹ እስራኤል ተዋጊ አውሮፕላን አላት ብለው አልጠበቁም ነበር። ጦሩም ከዚያ ወዲያ አላለፈም። ኤዲ ኮኸን ግን አልተመለሰም።

አውሮፕላኑ አቪያ ኤስ 199 ይባላል። ከቼኮስሎቫኪያ የመጣው ተፈታትቶ፣ አካሉና ክንፉ ለየብቻ፣ በጭነት አውሮፕላን ተጭኖ ነው። እዚህ በጥቂት ቀን ገጠሙት፤ የመጀመሪያ በረራውም ውጊያው ራሱ ሆነ። አካሉ የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ነው። የራሱ ሞተሮች ያሉበት መጋዘን ስለተቃጠለ ግን ቼኮቹ ሌላ ሞተር ገጠሙለት፤ ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ ይጥል የነበረው ስቱካም የሚጠቀምበትን ዓይነት። ሞተሩ ከበደው፣ ፕሮፔለሩም ሰፊ ሆነበት፤ ሲነሣና ሲያርፍ ወደ ጎን ይጎትት ነበር። ስለዚህ ቼኮቹ «በቅሎ» አሉት። በዕብራይስጥ ሳኪን፣ ቢላዋ፣ ተባለ። እኔ በበኩሌ የቼኮቹን ስም እመርጣለሁ።

አሁን ሣጥኑን እንክፈት። ክዳኑ ላይ 1:72 ተጽፏል። ይህ ቅኔ ሚዳ ነው (ከእኛ ቅኔ ጋር አይገናኝም)። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ከ92 ሳንቲም ነው፤ ለ72 ስናካፍለው 13.8 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ክንፍ በዕብራይስጥ ካናፍ ነው፤ ይህን ማን ይረሳል? ጅራት ደግሞ ዛናቭ ነው፤ ግዕዝ የሚያውቁትን ቄሶቻችንን ጠይቁ፣ «ዘነብ» ይሏችኋል።

ቁራጮቹን በጣታችሁ አትጠምዝዙ፤ በጥፍር መቁረጫ ቆርጣችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። መጀመሪያ ያለ ዴቬክ፣ ያለ ሙጫ ማለት ነው፣ ገጥማችሁ እዩ። ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው። ሲበዛ ቅርጹን ያበላሻል። ሳይደርቅ ከተነካ ደግሞ ክንፉ ይዘነብላል።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከዐሥር ዓመት ልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። በአገር ቤት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ በየቢሮውና በየሐኪሙ የሚናገርላቸው ልጁ ነው። «ልጄ አፌ ሆኗል» ብለውኛል፤ ሲሉም ፈገግ አላሉም። ያን ቀንም ልጁ መመሪያውን ያነባል፣ እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ። ልጁ ቸኩሎ ሙጫውን አበዛውና ግራ ክንፉ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። አባትየው ሁለቱን ክንፎች በአውራ ጣታቸው ደግፈው ያዙ። «ይኸ እኮ ብየዳ ነው» አሉ፤ ወደ እኔ ዞረውም «ቆይ በዕብራይስጥ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። «ሐኬ» አልኳቸው።

«ሐኬ!» አሉት ልጁን። ልጁም እጁን ሰበሰበ። «እሺ አባባ፣ እስከ መቼ?» አለ። «እኔ እስክልህ።» ሃያ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሱም። እኔም ክፍሉን መዝጋት ነበረብኝ፣ አልዘጋሁም።

አውሮፕላኑ በመስኮቱ ላይ ቆሟል፤ ከበስተኋላው የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ግራ ክንፉ አሁንም ትንሽ ዝቅ ይላል። ለማክሰኞ ጸቫዕ፣ ቀለም፣ እንጀምራለን። እስከዚያ ካናፍ፣ ዛናቭ፣ ዴቬክ፣ ሳኪን እና ሐኬ የሚሉትን እያንዳንዳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ኑ፤ አሮጌ የጥፍር መቁረጫ ያለው ይዞ ይምጣ።