ሳይመረጡ ፓርላማ የገቡት ሐዲስ ዓለማየሁ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደጻፉ ሁላችንም እናውቃለን። ፓርላማ እንደገቡስ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሐዲስ የተወለዱት እዚሁ ጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ጣሊያን ሲወረን ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆኑ። በመጨረሻም እስከ 1966 ዓ.ም ሴናተር ነበሩ።

ታዲያ ማን መረጣቸው? ማንም አልመረጣቸውም! በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማው ሁለት ምክር ቤት ነበረው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ ለ4 ዓመት ይመርጣል። የሕግ መወሰኛውን፣ ማለትም ሴናተሮችን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለ6 ዓመት ይሾማሉ።

ይሄ እንደ ክፍል አለቃ ነው። እጃችንን አውጥተን የመረጥነው አለቃ እኛን ይሰማል፤ ካልሰማን በሚቀጥለው አንመርጠውም። መምህር የሾሙት ግን ጎበዝ እንኳ ቢሆን ልናወርደው አንችልም።

ሐዲስ ተሿሚ ቢሆኑም ዝም አላሉም። በ1966 ዓ.ም «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» ብለው መጽሐፍ ጻፉ። እኔ ከሹመታቸው ሁሉ ይህን ጥያቄያቸውን አደንቃለሁ።

ዛሬ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየ5 ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። እኛ 7ኛ ክፍሎች አብዛኞቻችን 5 ዓመት ገደማ ይቀረናል። እስከዚያው የክፍል አለቃ ስንመርጥ ለጓደኝነት ብለን ሳይሆን አስበን እጅ እናውጣ።

ቸር እንሰንብት!