ኮሌጅ ገብቼ ቄስ መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። የአብነት ትምህርት ግን የለኝም። መንፈሳዊ ኮሌጅ ገብቼ ቄስ መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮሌጁና ክህነቱ ለየብቻ ናቸው። ለኮሌጁ የትምህርት ማስረጃህን፣ የአጥቢያህንና የሀገረ ስብከትህን የድጋፍ ደብዳቤ ያዝ፤ ለመግቢያ ፈተናውም ተዘጋጅ። ክህነት ግን በዲግሪ አይገኝም፤ የሚሰጠው ጳጳስ ነው። ከቅስና ዲቁና ይቀድማል፤ ለዚያም የግእዝ ንባብ፣ ዳዊትና ግብረ ዲቁና ያስፈልጉሃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የአብነት መምህር (የኔታ) ፈልግ። የግእዙን ወዳቂ ንባብ ተነሽ አድርገህ ስታነብ እዚያው አስቁመው የሚያርሙህ እሳቸው ናቸው፤ መጽሐፍ ብቻውን ይህን አያስተምርህም። ትዳርንም ከአሁኑ አስብበት፦ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ያገባል ወይም ይመነኩሳል። ከቅስና በኋላ ማግባት አይፈቀድም።