የኮምፒዩተር ትምህርት ከየት ይጀምር?

ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ እንደገቡ ስለሚማሩት የኮምፒዩተር መግቢያ ትምህርት ጥቂት ለማለት ብዕሬን አንስቻለሁ።

በ2012 ዓ.ም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመር፣ ከተካተቱት ኮርሶች አንዱ የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ ነበር። በውስጡም ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እንዲሁም ዕቃዎችን በኢንተርኔት ማገናኘት ይገኙበታል። ይህን ማወቅ የሚጠላ የለም። ነገር ግን ፋይሉን የት እንዳስቀመጠ ለማያውቅ ተማሪ ከዚህ መጀመር፣ አሊፍ ባ ያልጨረሰን ልጅ ተፍሲር እንደማስቀራት አይሆንምን?

«ወጣቱ ሁሉ ስልክ ይዟል፤ ኮምፒዩተር አያቅተውም» የሚሉ አሉ። ስልክ ግን አብዛኛውን ሥራ ራሱ ስለሚሠራ ባለቤቱ ፎቶግራፉ የት እንደተቀመጠ እንኳ ሳያውቅ ዓመታት ሊጠቀምበት ይችላል። ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን ሰይሞ፣ በፎልደር መድቦ፣ ሲፈለግ ማውጣት የተጠቃሚው ፈንታ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ታዲያ ምን ይቅደም? በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የመሣሪያው አሠራር። የምንጽፈው ጽሑፍ በቅድሚያ የሚያርፈው ራም በተባለው ጊዜያዊ ማኅደር ነው። መብራት ከጠፋ እዚያ ያለው አብሮ ይጠፋል፤ «ሴቭ» ሲደረግ ግን ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ይህን የተረዳ ተማሪ ሴቭ የሚያደርገው ስለታዘዘ ሳይሆን ምክንያቱን አውቆ ነው።

ሁለተኛ፣ በራስ ፊደል መጻፍ። ቀድሞ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ስለሚጠቀሙ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ በመግባቱ ለዚህ ችግር መፍትሔ ተገኝቷል። የቀረው የእጅ ልምምድ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ ኤክሴል ያለ የሒሳብ ሠንጠረዥ። የአባቱን ሱቅ ሒሳብ በሠንጠረዥ ያሰፈረ ልጅ፣ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ሲለውጥ ድምሩ ራሱ ሲስተካከል ካየ፣ የቀመርን ጥቅም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

አራተኛ፣ ጥንቃቄ። በስልክ የተላከለትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አለመስጠትን፣ ያገኘውን ወሬ ከማሰራጨቱ በፊት ምንጩን ማጣራትን ይልመድ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ጭራሽ ያልተጻፈን መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ ሊጠቅስ ስለሚችል፣ መልሱን ሳያመሳክር አይቀበል።

ፈተናውም በወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። ዋና የሚፈተነው ውኃ ውስጥ ነው። ተማሪው ኪቦርድ ፊት ተቀምጦ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ሠንጠረዥ ይሥራ፣ ያስቀመጠውንም ፈልጎ ያውጣ።

ይህን አጥብቄ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው የከተማ ልጅና ማውዝ ነክቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው መግቢያው ቢዘለልም አይጎዳም። ሁለተኛው ግን መጠየቅ ያፍርና ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደገባው ይቆጠርለታል። ዓመታት አልፈው የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ የሚያስጽፈውም እንዲህ ያለው ተማሪ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መምህራን በመጀመሪያው ሳምንት ማን ምን እንደሚችል በተግባር ይለዩ፤ የሚችለውንም ከማይችለው ጎን ያስቀምጡ። ወላጆችም ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ጥሪ በሚጠብቅበት ጊዜ የኮምፒዩተር ልምምድ እንዲጀምር ያድርጉ። ለብዙው ተማሪ ይህ መግቢያ ከኮምፒዩተር ጋር የሚተዋወቅበት የመጀመሪያ በር ነውና፣ በሩን ከቁመቱ በላይ አንስቀልበት።