ወባው ከሮቶው ነው እንዴ?



«ወባ የያዛቸው ሁሉ ግቢያቸው ውስጥ ሮቶ አለ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እስቲ ቆዩ፦ ያልታመመው ጎረቤትስ ሮቶ የለውም? የታመሙትን ብቻ ቆጥረን መልስ አናገኝም። ኬዝ ኮንትሮል የሚባለው ጥናት የታመሙትንና ያልታመሙትን ጎን ለጎን አድርጎ «ከመታመማቸው በፊት ምን ይለያቸው ነበር?» ብሎ ወደኋላ ይጠይቃል።

በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲቀሰቀስ ተመራማሪዎች ይህንኑ አደረጉ። ትኩሳት ካላቸው ሰዎች ወባ የተገኘባቸውን ካልተገኘባቸው ጋር አነጻጸሩ፤ አብረዋቸው የሚኖሩትንም መረመሩ። ወባው በታማሚዎቹ ቤት ዙሪያ በዝቶ ተገኘ። እዚያው አካባቢ ደግሞ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባው የከተማ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ ነበረች።

ልብ በሉ! እንዲህ ያለ ጥናት ግንኙነትን ያሳያል እንጂ ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም። ድሬዳዋ ላይ ግን የወባው ተሕዋስ ትንኟ ውስጥም ስለተገኘ ማስረጃው ጠነከረ።

ስለዚህ፦
• ሮቶና በርሜል ሁልጊዜ ይከደን።
• ትኩሳት ካለ ቶሎ ተመርመሩ፤ ሳትመረመሩ መድኃኒት አትግዙ።

ለጎረቤትዎ ሼር ያድርጉ።